ጦር በጉንጩ ያለፈበት መንገደኛ

በቅርቡ ወደ ጥርስ ሐኪም ሄደን ነበር። ከታችኛው መንጋጋችን አንዱ ጥርስ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶን ስለ ሰነበተ መነቀል አለበት ተባለ። ሐኪሙ ከመንጋጋችን ጀርባ በመርፌ ወግቶ ጥቂት እንድንታገሥ ነገረን። ብዙም ሳይቆይ የታችኛው ከንፈራችን ግማሽ፣ የአገጫችን ግማሽና የምላሳችን አንዱ ወገን ከእኛ የተለዩ መሰለን። ከንፈራችንን በጣታችን ብንነካው የሌላ ሰው ከንፈር የነካን ያህል ሆነ። አብጦ የተንጠለጠለ መስሎን በመስተዋት ብናየው ግን እንደ ወትሮው በቦታው ነው፤ ፈገግ ስንልም አብሮን ፈገግ ይላል። ጥርሱ ተነቅሎ ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ከንፈራችንን ነክሰን አድምተነው ኖሮ፣ ይህን ያወቅነው ደሙን በሻይ ብርጭቆው ላይ ባየን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ አንድ ከንፈር ምንም ሳይሰማው እንዴት ፈገግ ሊል ይችላል? መልሱ አጭር ነው። ፊታችን በሁለት ልዩ ልዩ ነርቮች ይተዳደራል። አንዱ ነርቭ ያሳያል፤ ይኸውም ስንሥቅና ስንቈጣ፣ ስንኮሳተርና ዓይናችንን ስንጨፍን የፊታችንን ጡንቻዎች ያዝዛል። ሁለተኛው ግን ይሰማል፤ ንክኪን፣ ሙቀትን፣ ብርድንና ሕመምን ተቀብሎ ለአንጎላችን ያስታውቃል። የሐኪሙ መርፌ ያደነዘዘው የሚሰማውን ነበር፤ የሚያሳየው ግን ሥራውን አላቋረጠም።

ስለዚህ ጉዳይ መጻሕፍት ስናገላብጥ ሳለን ሐሳባችን ወደ አንድ የታወቀ መንገደኛ ሄደ። ይህ ሰው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፍራንሲስ በርተን ነው። ዛሬ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ጅጅጋ ከመቈርቈርዋ አስቀድሞ ሜዳዋን አቋርጦ አልፏል፤ ሐረርንም አይቷል፤ በመጨረሻም በበርበራ ጠረፍ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ በጦር ተወግቷል። ስለ ጉዞው የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ስንተርክ ጦሩ ያለፈበትን ፊት አብረን ለመመርመር አስበናል፤ ምክንያቱም የዚህ ሰው ዕድሜ ሁሉ በሚያሳየውና በሚሰማው ፊት መካከል ያለፈ ይመስለናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በርተን በማርች 19 ቀን 1821 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝ አገር ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ የኤዲንብራ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ቻርልስ ቤል ስለ ፊት ነርቮች ያደረገውን ጥናት ለንደን በሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ በሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ፊት አስነበበ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የፊት ነርቮች ሥራ እየተደባለቀባቸው ብዙ ስሕተት ይሠሩ ነበር። በፊቱ ላይ እንደ መብረቅ ድንገት የሚወርድ ብርቱ ሕመም የያዘው ሰው ሲመጣ፣ ሕመሙን ያቆምን መስሏቸው የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ የሚቈርጡ ነበሩ። በሽተኛውም ፊቱ በአንድ ወገን ሽባ ይሆንና ሕመሙ ግን እንደ ነበረ ይቀር ነበር። ቤል የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ፣ የሚሰማውም አምስተኛው ነርቭ መሆኑን ለመለየት መንገድ ከፈተ።

ይሁን እንጂ እርሱም ፈጽሞ አልተሳሳተም ማለት አይደለም። በአንድ አህያ ላይ የአምስተኛውን ነርቭ የጉንጭ ቅርንጫፍ ቈርጦ ሲመለከት፣ አህያው ምግቡን በከንፈሩ ማንሣት ተሳነው። ቤልም ይህ ነርቭ ከንፈርን የሚያንቀሳቅስ ነው ብሎ አሰበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእንግሊዝ ኸርበርት ሜዮ፣ በፈረንሳይም ፍራንሷ ማዠንዲ ነገሩን ሲመረምሩት የአህያው ከንፈር መንቀሳቀስ የሚችል ሆኖ ተገኘ። ያቃተው ምግቡ ከንፈሩን መንካቱ ስላልተሰማው ነው። እኛም ሻይ ስንጠጣ የገዛ ከንፈራችንን የነከስነው በዚሁ ምክንያት ነው። የማይሰማ አካል ኃይል ቢኖረውም እንኳ ኃይሉን የሚያውልበትን ቦታ አያውቅም።

አሁን ስለዚህ ስለ አምስተኛው ነርቭ አቀማመጥ ጥቂት እንናገር። ከአንጎላችን በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። አምስተኛው ከእነዚህ በፊት ላይ ከተዘረጉት ሁሉ ይልቅ ወፍራም ነው። በአንጎል ግርጌ ድልድይ ከሚባለው ክፍል፣ በቀኝና በግራ በኩል አንድ አንድ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱም ሁለት ሥር አለው፤ ትልቁ ሥር ስሜትን ወደ አንጎል የሚያስገባ፣ ትንሹ ደግሞ ትእዛዝን ወደ ማኘኪያ ጡንቻዎች የሚያወጣ ነው። ትልቁ ሥር በራስ ቅል ወለል ላይ ሲደርስ ወፍሮ ቋጠሮ ይሠራል፤ ከዚያም በሦስት ቅርንጫፍ ይከፈላል። በ1732 ዓመተ ምሕረት በፓሪስ ያስተምር የነበረው ሐኪም ዊንስሎ ይህን አይቶ ነርቩን ሦስት መንታ የሚል ስም ሰጠው። ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት የሚጠራበት ትራይጀሚናል የተባለው ስም ትርጕሙ ይኸው ነው።

ፊታችንን እንደ አንድ አገር ብንቈጥረው ሦስቱ ቅርንጫፎች እንደ ሦስት አውራጃ ናቸው፤ እያንዳንዱም ከራስ ቅል የሚወጣበት የራሱ በር አለው። የመጀመሪያው በዓይን ጕድጓድ በኩል ወጥቶ ግንባርን፣ የላይኛውን የዓይን ቆብ፣ የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋንና የአፍንጫን ጀርባ ይይዛል። ሁለተኛው የጉንጭን አጥንት ዙሪያ፣ የአፍንጫን ጎን፣ የላይኛውን ከንፈር፣ የላይኞቹን ጥርሶችና ላንቃን ይይዛል። ሦስተኛው የታችኛውን ከንፈር፣ አገጭን፣ የታችኞቹን ጥርሶች፣ የጉንጭን የውስጥ ወገንና ከምላስ ከፊት ያለውን ሁለት ሦስተኛ እጅ ይይዛል። ማኘኪያ ጡንቻዎችን የሚያዝዘው ትንሹ ሥርም የሚጓዘው ከዚህ ከሦስተኛው ጋር ነው። ጥርሳችንን ነክሰን ከጆሮአችን በላይ የራሳችንን ጎን በእጃችን ብንዳስስ ጡንቻው ሲጠነክር ይሰማናል፤ ይህ የዚህ ነርቭ ሥራ ነው።

ሽንኩርት ስንከትፍ ዓይናችንን የሚያቃጥለን፣ ሚጥሚጣም ምላሳችንን የሚፈጀን በዚሁ ነርቭ አማካይነት ነው። የሚጥሚጣ ማቃጠል እንደ ጨውና እንደ ስኳር ያለ ጣዕም አይደለም፤ ነርቩ እንደ እሳት ቈጥሮት ለአንጎል የሚያስተላልፈው ማስጠንቀቂያ ነው። በአገራችን አልማዝ ባለጭራ የምንለው በሽታም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነርቭ ላይ ይወጣል። ቀድሞ ወደ ሰውነት የገባው ቫይረስ በነርቩ ቋጠሮ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተደብቆ ይኖርና ሰውነት ሲደክም ይነሣል፤ ቍስሉም የአንዱን ቅርንጫፍ ግዛት ተከትሎ በፊት አንድ ወገን ብቻ ይታያል። በግንባርና በዓይን አጠገብ የወጣ እንደ ሆነ ብርሃንን ሊያጠፋ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ወደ በርተን ታሪክ እንመለስ። አባቱ የጦር መኰንን ነበር። ልጁ ያደገው ግን በእንግሊዝ አገር ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ ጋር በፈረንሳይና በኢጣሊያ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ነው። ስለዚህም ገና በሕፃንነቱ የሰውን ንግግርና አኳኋን ቶሎ የመያዝ ልማድ አደረበት። በ1840 ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱን ደንብ መጠበቅ አልሆነለትም። የተከለከለ የፈረስ እሽቅድምድም ለማየት ሄዶ በመገኘቱ በ1842 ተባረረ። በዚያው ዓመት የቦምቤይ ጦር መኰንን ሆኖ ወደ ህንድ ተጓዘ።

በህንድ አገር የሚያስደንቅ ችሎታው ተገለጠ። አንዱን ቋንቋ ተምሮ ፈተናውን ሲያልፍ ወዲያው ሌላውን ይጀምራል። ሂንዱስታኒን፣ ጉጃራቲን፣ ማራቲን፣ ሲንድሂን፣ ፋርስኛንና ዓረብኛን ተማረ። በሕይወቱ መጨረሻ 29 ቋንቋዎች ያውቅ እንደ ነበር ይነገርለታል። በሲንድ አገር ፊቱን አጥቍሮ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ስሙንም ሚርዛ አብዱላህ ብሎ ከነጋዴዎች ጋር በየገበያው ይቀመጥ ነበር። በ1853 ደግሞ የአፍጋን ተወላጅ የሆነ ሐኪም መስሎ ከሐጃጆች ጋር ወደ መዲናና ወደ መካ ሄደ። የአካሄዱ፣ የአቀማመጡ፣ የሰላምታ አሰጣጡ፣ የፊቱም አኳኋን አንድም ጊዜ አላጋለጠውም። እንግዲህ ሰባተኛው ነርቭ፣ ማለት የሚያሳየው ነርቭ፣ እንደ በርተን ታዛዥ የሆነለት ሰው ብዙ አይገኝም።

ከመካ መልስ ሐሳቡ ወደ እኛ አገር ሆነ። በዚያን ጊዜ ሐረር በራስዋ አሚር የምትተዳደር፣ በግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። ክርስቲያን የገባባት ቀን ትወድቃለች የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ እንደ ነበረ በርተን ጽፏል። እርሱም በኦክቶበር 1854 ከኤደን ተነሥቶ ወደ ዘይላ ተሻገረ። በዘይላ አንድ ወር ያህል ከቈየ በኋላ በኖቬምበር 27 ቀን ሙስሊም ነጋዴ መስሎ፣ ግመሎች ጭኖ፣ ዛሬ ደምበልና ጅጅጋ የሚባሉት ወረዳዎች ወዳሉበት ከፍተኛ አገር አቅጣጫ ጕዞ ጀመረ። ከኢሳዎችና ከገዳቡርሲዎች ግጦሽ አልፎ ማራር ወደ ተባለው ሰፊ ሜዳ ወጣ። ጅጅጋ የተቈረቈረችው ኋላ በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ግን በርተን ያየው ሣርና ከብት፣ ግመልና ዘላን፣ የዱር አራዊትም ብቻ ነበር።

አብረውት ከሚጓዙት ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጁ ሁለት የሶማሌ ሴቶች ነበሩ። በርተን ከአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረት ወስዶ ሸህራዛድና ዲናርዛድ ብሎ ይጠራቸው ጀመር። ከተከታዮቹም ለአንዱ የዓለም ፍጻሜ የሚል ስም አወጣለት። ማታ ማታ በእሳት ዙሪያ ተረቱን በነገረ ጊዜ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ሳይሰለቹ ያዳምጡት እንደ ነበር ኋላ መስክሯል። ሶማሌዎች ግጥም የሚወድና ባለቅኔ የሞላበት ሕዝብ መሆናቸውንም ሳይጽፍ አላለፈም። ሆኖም ሰውን በራሱ ስም ከመጥራት ይልቅ ከመጽሐፍ በወሰደው ስም መጥራት የዚህ ሰው ጠባይ ነበር። አጠገቡ ያለውን ሰው እንኳ የሚያየው እንደ ተረት ሰው ነው ማለት ይቻላል።

በዲሴምበር መጨረሻ ወደ ሐረር ሲቃረብ፣ የገሪ ጎሳ አለቃ በነበሩት በገራድ አዳን ቤት አረፈ። እዚያም ብርቱ የሆድ ቍርጠት ይዞት አልጋ ላይ ወደቀ። የቤቱ ሰዎች ይህን ከየት እንደ መጣ በውል የማያውቁትን እንግዳ እንደ ቤተ ዘመድ አስታመሙት። የሚበጀውን ለማግኘት ወዲያና ወዲህ ላኩ፤ ከአገሩ ርቆ ሊሞት ነው ብለውም አዘኑለት። ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ በርተን ነው። አንባቢያችን ይህን ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከሕመሙ እንደ ተነሣ፣ የመልኩ ቅላት የቱርክ ሰላይ ስላስመሰለው መደበቁን ትቶ እንግሊዛዊ መሆኑን ገልጦ ለመግባት ቈረጠ። ከኤደን ገዥ እንደ ተላከ አስመስሎም የመልእክት ደብዳቤ በራሱ እጅ ጻፈ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ወደ ሐረር ገባ፤ አሚር አሕመድ ኢብን አቡበከርም ተቀበሉት። ለአሥር ቀን በፍርሃት ከተቀመጠ በኋላ በጃንዋሪ 13 ቀን በሰላም ወጣ። በቈይታውና በጕዞው ከሰበሰባቸው ነገሮች ለሊቃውንት በጣም የጠቀመው ስለ ሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና ቃላት ያሳተመው ጽሑፍ ነው።

በኤፕሪል ወር 1855 በርተን ወደ በርበራ ተመለሰ። ስፒክ፣ ኸርንና ስትሮያን ከሚባሉ ሦስት መኰንኖች ጋር ሆኖ ወደ ውስጥ አገር ለመዝለቅ አስቦ ነበር። ከዘበኞችና ከአገልጋዮች ጋር ቍጥራቸው 42 ነበር። የበርበራ ዓመታዊ ገበያ ተበትኖ፣ ሲራራውም ሄዶ፣ እነርሱ በባሕሩ ዳር ብቻቸውን ቀሩ። በኤፕሪል 18 ቀን ማታ አንዲት ትንሽ ጀልባ ከኤደን መጣች። በርተን ለጀልባይቱ ሠራተኞች እራት እንዲሰጣቸው ስላዘዘ በዚያው አደሩ። ይህች አንዲት እራት የአራት ኪሎ ሜትር ግንብ ያህል የምትጠብቅ ሆና ተገኘች።

ሌሊቱ ሳይነጋ ብዙ ጦረኞች በድንኳኖቹ ላይ ወደቁባቸው። ስትሮያን ሞተ። ስፒክ ተይዞ አሥራ አንድ ቦታ ከቈሰለ በኋላ አመለጠ። በርተን ጐራዴውን ይዞ በጨለማው ውስጥ መንገድ ሲከፍት፣ ከራሱ ሰዎች አንዱ ሊረዳው ቀረበ። በርተን ጠላት መስሎት ሊቈርጠው ጐራዴውን አነሣ፤ ሰውዬው ግን ጮኸ። በርተንም የሚያውቀውን ድምፅ በሰማ ጊዜ እጁን ያዘ። በዚያች ቅጽበት አንድ ጦረኛ ብቅ ብሎ ጦሩን በፊቱ ሰክቶበት ሄደ። ጦሩ በግራ ጉንጩ ገብቶ፣ ላንቃውን ጐድቶ፣ አራት መንጋጋ ጥርሶቹን አርግፎ በቀኝ ጉንጩ ወጣ። በርተን ደሙ እየፈሰሰ እስኪነጋ ድረስ በባሕሩ ዳር ሲንከራተት አደረ። ሕይወቱን ያተረፈችለት እራት ያበላት ያች ጀልባ ናት፤ በማግሥቱ የተረፉትን ሁሉ ይዛ ወደ ኤደን ወሰደቻቸው።

ጦሩ ያለፈበትን አገር አሁን ልንለየው እንችላለን። ላንቃውና የላይኛው ጉንጭ የሁለተኛው ቅርንጫፍ ግዛት ነው፤ የጉንጩ የውስጥ ወገንና የታችኛው መንጋጋ የሦስተኛው ነው። የነርቩ ቋጠሮ ግን ከዚያ በላይና በስተ ኋላ፣ በራስ ቅል ውስጥ በአጥንት ተከብቦ ስለሚገኝ ጦሩ ሊደርስበት አልቻለም። በፊት ላይ የወደቀ ቍስል ቅርንጫፎቹን ሊቈርጥ ይችላል፤ ግንዱ ግን በውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። ጥርስን ለመንቀል እኛን ያደነዘዘን መርፌም ቢሆን ገና አልታወቀም ነበር፤ ሐኪሞች ኮኬይን በሚባለው መድኃኒት የመንጋጋን ነርቭ ማደንዘዝ የጀመሩት ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ በርተን ያንን ሌሊት ያሳለፈው ከአምስተኛው ነርቭ ሙሉ ጩኸት ጋር ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የሚያስገርመው ግን በ29 ቋንቋ ይናገር ዘንድ የተዘጋጀ አፍ በአንዲት ቅጽበት ለዘላለም ሊዘጋ ተቃርቦ መትረፉ ነው። ቋንቋ በጕሮሮ ብቻ አይነገርም። ምላስ ላንቃን የት እንደ ነካ፣ ከንፈር ከከንፈር መቼ እንደ ተገናኘ ካልተሰማን ቃሉ ይኰላተፋል፤ ጥርሱን በመርፌ ያስነቀለ ሁሉ ይህን ያውቃል። የበርተን ቍስል ዳነ፤ ንግግሩም ተመለሰለት። የቀረው በጉንጩ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ሰዓሊው ፍሬዴሪክ ሌይተን በ1870ዎቹ በሣለውና በለንደን በሚገኘው ሥዕል ላይ ይህ ጠባሳ በግልጽ ይታያል።

በጕዞው ላይ የደረሰው አደጋ በዚህ አላበቃም። የእንግሊዝ መንግሥት የበርበራን ጠረፍ በመርከብ ዘጋ፤ በ1856 ከሀብር አወል ጎሳ ጋር ውል እስኪደረግም ድረስ ያገሬው ሰው ንግዱ ታጐለበት። በርተንም ጥንቃቄ ጐደለው ተብሎ ተወቀሰ። በ1857 ከዚያው ከስፒክ ጋር የናይልን ምንጭ ለመፈለግ ከዛንዚባር ተነሣ። በፌብሩዋሪ 1858 ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ ሲደርሱ በርተን እግሩ ታስሮበት በሰው ይጓዝ ነበር፤ ስፒክም ዓይኑን ታሞ ሐይቁን በደንብ ማየት ተስኖት ነበር። በሐይቁ ላይ በታንኳ ሲጓዙ የበርተን ምላስ ስለ ቈሰለ መናገር እስኪያቅተው ደረሰ። ከሁሉ ይልቅ በምላሱ የሚተማመነው ሰው፣ ምላሱ በታመመ ጊዜ ጕዞውን ወደ ፊት መግፋት አልቻለም። ስፒክ በበኩሉ ለብቻው ወደ ሰሜን ሄዶ ቪክቶሪያ የተባለውን ሐይቅ አየና የናይል ምንጭ ይህ ነው አለ። በርተን አልተቀበለውም፤ ሁለቱ ወዳጆች ጠላት ሆኑ። በሴፕቴምበር 1864 በጉባኤ ፊት ሊከራከሩ በተቀጠረላቸው ቀን ዋዜማ ስፒክ በገዛ ጠመንጃው ጥይት ሞተ። ነገሩ ሲጣራ እውነቱ የስፒክ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ በርተን በልዩ ልዩ አገር ቆንስል ሆኖ ኖረ። በ1861 ኢሳቤል አረንደልን አገባ፤ በፈርናንዶ ፖ፣ በብራዚል፣ በደማስቆ፣ በመጨረሻም ከ1872 ጀምሮ በትሪየስት ሠራ። ከ1885 እስከ 1888 ባለው ጊዜ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ተረት ከዓረብኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ16 ጥራዝ አሳተመ። በ1886 ሰር የሚለውን የማዕርግ ስም ተቀበለ። በኦክቶበር 20 ቀን 1890 በትሪየስት ሞተ። ሚስቱም ብዙውን የእጅ ጽሑፉን በእሳት አቃጠለችው። ሬሳው በለንደን አጠገብ በሞርትሌክ፣ በድንኳን አምሳል በተሠራ የድንጋይ መቃብር ውስጥ ዐርፏል።

አሁን በአደራ ወዳቈየነው ነገር እንመለስ። በ1856 ስለ ሐረርና ስለ ሶማሌ ጕዞው ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በርተን ያላየው ነገር ጥቂት ነው። የሰውን ልብስ፣ የግመልን ዋጋ፣ የጋብቻን ሥርዓት፣ የሣርን ዓይነት ሳይቀር ጽፏል። ይሁን እንጂ ስለ ሰዎቹ ጠባይ ሲፈርድ ብዙ ጊዜ ንቀት ይታይበታል። የሶማሌንም፣ የሐረሪንም ሕዝብ በአንድ መስመር ጠቅልሎ የሚሰድብበት ቦታ አለ። ኋላም ስለ አፍሪካውያን በጠቅላላው የጻፈው ከዚህ የከፋ ነው። በታመመ ጊዜ ያለቀሱለትን ሰዎች መዝግቧል፤ ነገር ግን መዝገቡ ፍርዱን አልለወጠውም። እንደ ሐተታችን ብንናገር፣ የሚያሳየው ነርቭ ፍጹም የሠለጠነለት ሰው የሚሰማውን ነርቭ በሚገባ አልተጠቀመበትም።

በዚህ ረገድ የማዠንዲ ሙከራ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። አምስተኛው ነርቭ የተቈረጠበት እንስሳ ዓይኑ በመጀመሪያ እንደ ወትሮው ያያል። ነገር ግን ብናኝ ሲገባበት አይሰማውም፤ ስላልተሰማውም ሰባተኛው ነርቭ ቆቡን እንዲዘጋ የሚያስጠነቅቀው የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥርት ያለው የዓይን ሽፋን ይቈስልና ይደፈርሳል። ማየት የሚችል ዓይን ስሜት በማጣቱ ይታወራል ማለት ነው። የብዙ ተመልካቾችም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው በርተንን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ትጋቱንና ድፍረቱን፣ ቋንቋ ለመማር ያሳለፈውን ሌሊት ማንም ወጣት ቢቀናበት አያፍርም። ነገር ግን ከእኛ እኩያዎች ውስጥ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ቋንቋውንና ልማዱን ወደማያውቁት አገር ለሥራ ይሄዳሉ። ወደ ጅጅጋ፣ ወደ ደምበል፣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ አንድ ወጣት ሠራተኛ ሶማሊኛን መማር ይገባዋል፤ ሰላምታውንና አቀማመጡንም ቢለምድ ይጠቅመዋል። ይህ ሁሉ ግን የፊት ሥራ ነው። አስተናጋጁ ያፈሰሰለትን ሻይ ሲቀበል የሰውዬውን ስም በስሙ ቢጠራ፣ ዝናብ ሲጠፋ የከብቱ ማለቅ ቢሰማው፣ ያን ጊዜ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። በርተንን በዚያ ሌሊት ያዳነው ከ29ኙ ቋንቋ አንዱ አይደለም፤ ለማያውቃቸው ሰዎች ያዘዘላቸው እራት ነው።

ጥርሳችንን በተነቀልን ዕለት ማታ ከንፈራችን በመጀመሪያ መውረር፣ ቀጥሎም መጠዝጠዝ ጀመረ። የነከስነውም ቦታ አመመን። ከንፈሩ እንደገና የእኛ መሆኑን ያወቅነው በዚያ ሕመም ነውና፣ ቅር አላለንም።